በአማት ስም የተጠራችው የራስ ቅል

ሰፈሩ «አጥንቷ» ይላታል። የምትሠራው ቤተ መዘክር ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ሥራዋም ልጆቻቸውን ሆዳቸው ላይ ባለ ከረጢት ያሳድጉ የነበሩ፣ ዘራቸው የጠፋ እንስሳትን የራስ ቅል መለካት። እናቷ ነገሩ እስከ ዛሬ አልገባቸውም። የሞተ የሚለካው ለሳጥን ነው ይላሉ።

አለቃዋ ፕሮፌሰር በወጣትነታቸው አንዲት ትንሽ የራስ ቅል አግኝተው ነበር። ፊቷ አጭር፣ የአንጎሏ ቤት ድቡልቡል። አዲስ ዝርያ ናት ብለው በሚስታቸው አባት ስም ሰየሟት። አማትየው ያኔ የቤተ መዘክሩ የበላይ ነበሩና፣ በአጋጣሚ ይሆናል፣ የፕሮፌሰሩ ሹመት ብዙም አልዘገየም።

አጥንቷ አንድ ቀን ቅሎቹን ከትንሹ እስከ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። ሰውነት በገዘፈ ቁጥር ፊት ይረዝማል፣ ጉንጭ ይሰፋል፤ የአንጎል ቤት ግን በእድገት ወደ ኋላ ይቀራል። የፕሮፌሰሩ ዝርያ ከሰልፉ መነሻ ላይ ልክክ ብላ ገባች። ራጅ ብትነሣ መንጋጋዋ ውስጥ ገና ያልበቀለ ጥርስ ተገኘ። ለካ አዲስ ዝርያ አይደለችም፤ በሰልፉ መጨረሻ ያለው፣ ሌላ ምሁር ዘግይቶ ለብቻው ስም ያወጣለት የግዙፉ እንስሳ ግልገል ናት።

ፕሮፌሰሩ ይህን ሲሰሙ የቢሯቸውን በር ዘጉ።

«አማቴ በሕይወት እያሉ ግልገል ናቸው አይባልም» አሉ።

«ግልገል የተባለው አጥንቱ ነው እንጂ እሳቸው አይደሉም።»

«ስሙ የሳቸው ነው። ትንሽ ታገሺ።»

ትንሽ ማለት ሽማግሌው እስኪሞቱ መሆኑ ገባት። ከንፈሯን ነክሳ ወጣች፤ በዓመታዊው ጉባኤ ግን መድረክ ላይ ወጥታ ሁሉንም ዘረገፈችው። ፕሮፌሰሩ ላባቸውን ጠረጉ። ፊት ወንበር የተቀመጡት አማትየው ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና፣ ስማቸው አብሮ ተሰርዞ እንደሆነ ጠየቁ።

«አይሰረዝም፣ አባቴ» አለች አጥንቷ። «የሚጸናው ቀድሞ የወጣው ስም ነው። ከእንግዲህ ግዙፉም በእርስዎ ስም ይጠራል።»

ያን የሚያክል አውሬ በስማቸው መጠራቱን ሲሰሙ የሽማግሌው ደረት ተነፋ፤ የፕሮፌሰሩም ነፍስ ተመለሰች። ወዲያው ተነሥተው፣ ነገሩን ከጥንትም ይጠረጥሩት እንደነበርና «ልጃችን» በመለካት እንዳገዘቻቸው ለጉባኤው ገለጹ። ጭብጨባው ቀለጠ።

አጥንቷም አጨበጨበች፤ ምን ታድርግ። በማግስቱ ምድር ቤት ወርዳ፣ ፕሮፌሰሩ በሚስታቸውና በአክስታቸው ስም የሰየሟቸውን ሁለት ትንንሽ ቅሎች ለመለካት ከመደርደሪያው አወረደች።