ጋሽ ቱምቢና ሚራንዳ

ጋሽ ቱምቢ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቱምቢ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ በሲባጎ ጫፍ የሚንጠለጠል የብረት ፍሬ ነው። ሰውየው አርባ ዓመት ግድግዳ ሲለስኑ አንድም ቀን ጠመመ ተብለው አያውቁም፤ ንግግራቸውም ያው ነው፣ ቀጥ ያለ። «ከቁም ሣጥን ጀርባ ስለሆነ አይታይም» ብሎ ሥራ ያዝረከረከ ሰው ካገኙ፣ ቁም ሣጥኑን ራሳቸው ገፍተው ልስኑን ያስፈርሱት ነበር።

በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ከመወጣጫ ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰብሮ በብሎን ተገጠመ፤ ሐኪሙም «ከእንግዲህ ከመሬት ከፍ የሚል ሥራ የለም» አላቸው። ቤት ተቀመጡ። ቀን ሙሉ ወንበር ላይ ሆነው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ፤ ጎረቤት ሊጠይቃቸው ሲገባ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ያንተ ቤት ኮርኒስ አልተሰነጠቀም?» ይሉታል። ባለቤታቸው «እኔንስ ማን ይለስነኝ? በነገር ተሰነጣጥቄ አለቅሁ!» እያሉ ይስቁባቸዋል።

ታናሽ ልጃቸው በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የታተሙ ፎቶግራፎች ይዛ መጣችና ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«አባዬ፣ ይቺን ትሠራልኛለህ?»

«ምንድን ናት? ያረረ ዳቦ?»

«ጨረቃ ናት። ሚራንዳ ትባላለች። ከፀሐይ በጣም ርቆ ያለውን ፕላኔት፣ ዩራነስን ነው የምትዞረው። ተማሪዎቼ ስለሷ በብሬል አነበቡና አንዷ ‹ተሰባብራ የተገጣጠመች ትመስላለች ይላል፤ እስቲ ልዳስሳት› አለችኝ። ምን ላስዳስሳት?»

«ተሰባብራ የተገጣጠመች…» አሉ ዳሌያቸውን እያሻሹ። «እንደኔ ናታ!»

በማግሥቱ የጓሮው ክፍል ተጠረገ። ጋሽ ቱምቢ የብረት ቀለበት አጥፈው፣ ዙሪያውን በሽቦ ወንፊት ሸፍነው፣ ጆንያ በጀሶ እየነከሩ አለበሱት። ኳሷ ከዳር እስከ ዳር ዘጠና አራት ሴንቲ ሜትር ሆነች። እውነተኛዋ ሚራንዳ አራት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች፣ አንዷ ሴንቲ ሜትር አምስት ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ስሌቱን እንዳይረሱት በሩ ላይ በጠመኔ ጻፉት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ጨረቃ ማለት ለሳቸው ክብ፣ ቢበዛ ጉድጓድ ጉድጓድ ያላት ነገር ነበረች። ይቺኛዋ ግን ጉድ ናት። ባንድ ወገኗ ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ የተበሳሳ ያረጀ ሜዳ፤ ከሱ አጠገብ ሳይታሰብ እንደ እርሻ ትልም ጎን ለጎን የተሰመረ ሸንተረር፤ ወዲያ ደግሞ የወታደር ማዕረግ የሚመስል፣ ሹል ማዕዘን ያለው ነጣ ያለ ምልክት። «ሦስት ለሳኞች ሳይነጋገሩ የሠሩት ግድግዳ!» አሉ፤ በንቀት ግን አይደለም። ተሰባብራ ተገጣጠመች የሚለው የቆየ ግምት እንደሆነ፣ አሁን ብዙዎቹ ሳይንቲስቶች የተሠራችበት በረዶ ከውስጥ ሞቆ ወደ ላይ ገፍቶ ነው እንደሚሉ ልጃቸው ስታስረዳቸው አፋቸውን ከፍተው አዳመጧት።

ከሁሉ የማረካቸው በጎኗ ያለው ገደል ነው። ቁመቱ እስከ ሃያ ኪሎ ሜትር ይገመታል፤ በሳቸው ልኬት አራት ሴንቲ ሜትር።

«ከዚያ ጫፍ ሰው ቢወድቅ» አለች ልጃቸው፣ «ስበቷ ደካማ ስለሆነ ታች እስኪደርስ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል።»

«አሥራ ሁለት ደቂቃ! እኔ እኮ ‹ወይኔ› ብዬ ሳልጨርስ ነው ከመሬት የተገናኘሁት።»

ሥራው ሲጋመስ ግን ተሳሳቱ። በፎቶው ላይ ያለው ረጅም ሸለቆ ሸንተረር መስሏቸው ወደ ውጭ አወጡት። ሦስት ቀን ደክመውበት ካበቁ በኋላ አንድ ጠዋት የእጅ ባትሪ ይዘው ኳሷን በጎን አበሩባት፤ የልስን ጉድለት የሚጋለጠው ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነውና። ጥላውን ከፎቶው ጋር ቢያስተያዩት ተገላቢጦሽ ሆነ። ፀሐይ ከቀኝ መጥታ ሳለ እሳቸው ከግራ አድርገው አንብበዋታል። ማንም አላየባቸውም፤ ዝም ቢሉም የሚያውቅባቸው አልነበረም። መሮ አነሡና አፈረሱት።

በፎቶው የሚታየው የደቡቡ ግማሽ አልቆ ኳሷን ሲገለብጡ «የዚህኛው ግማሽ ፎቶስ?» ብለው ጠየቁ።

«የለም፣ አባዬ። እስከ ዛሬ በዚያ ያለፈችው መንኮራኩር ቮዬጀር ሁለት ብቻ ናት፤ እሷም እኔ ሳልወለድ። ያኔ ፀሐይ የሚያገኘው ደቡቡ ነበር፤ ሰሜኑ ጨለማ ውስጥ ነበር። ፎቶዋን አንሥታ አልፋ ሄደች።»

«ከዚያ ወዲህ ማንም አልሄደም?»

«ማንም።»

ጋሽ ቱምቢ የሰሜኑን ግማሽ እንደ መስተዋት አለስልሰው ተዉት። ሥራ በጅምር መተው ሞታቸው ነው፤ ያን ሰሞን ምግብም አልበላላቸው ብሎ ነበር። ግን ምን ያድርጉ?

ሚራንዳ በጭነት መኪና ትምህርት ቤት ስትደርስ ርእሰ መምህሩ ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

«ጋሼ፣ ግማሹ አላለቀም እኮ! ሐሙስ እንግዶች አሉብን። እስቲ እዚህም ጉድጓድ፣ እዚያም ጋራ ጣል ጣል ያድርጉበት።»

«ያየው ሰው አለ?»

«ባይኖርስ፣ ማን ያውቅብናል?»

«እነዚህ ልጆች በጣታቸው የነኩትን ነው የሚያምኑት» አሉ ጋሽ ቱምቢ። «እኔ ውሸት አላስነካቸውም። ካልፈለጋችኋት ጭኜ እመለሳለሁ።»

ልጃቸው በሁለቱ መካከል ቆማ ፊቷ ደም መሰለ። አንደኛው አለቃዋ፣ አንደኛው አባቷ። በመጨረሻ «ለምን የጠየቀችንን ልጅ አንጠራትም?» አለች።

ያቺ ልዳስሳት ያለችው ተማሪ መጣች። ትልሙን አንድ በአንድ ቆጠረችው፤ ገደሉን በጣቷ ወርዳ ወጥታ ሳቀች። ከዚያ እጇ ወደ ሰሜን ተሻገረና ቀጥ አለ።

«እዚህ ጋ ምንድን ነው?»

«አይታወቅም፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ቱምቢ። «ማንም ያየው የለም።»

«ዓይን ያለውም?»

«ዓይን ያለውም።»

ልጅቷ ሁለቱንም መዳፎቿን በለስላሳው ላይ ዘረጋች። «እንግዲያው እዚህ ጋ እኩል ነን» አለችና ወደ ጓደኞቿ ተጣራች፤ «ኑ! ማንም ያላየውን ንኩ!»

ርእሰ መምህሩ «እንግዶቹ ከጠየቁ እርስዎ ይመልሱላቸው» ብለው ወጡ። ሐሙስ ዕለት ግን ጋሽ ቱምቢ አፋቸውን ለመክፈት እንኳ ተራ አልደረሳቸውም፤ ተማሪዎቹ እየተሻሙ አስረዱ።

ገደሉ በዚያ ሁሉ ጣት ስለሚዳሰስ በየዓመቱ ይሸረፋል። ትምህርት ሲዘጋ ጋሽ ቱምቢ ምርኩዛቸውን ይዘው ሊጠግኑት ይመጣሉ፤ ርእሰ መምህሩ ወንበር ያቀርቡላቸዋል፣ የጀሶውንም ውሃ በባልዲ ይቀዱላቸዋል።

ባለፈው ዕረፍት ልጃቸው ሌላ ፎቶ አመጣች፤ ከሳተርን ጨረቃዎች አንዷ ናት፣ ከደቡብ ዋልታዋ ስንጥቅ የበረዶ ፍንጣቂ ወደ ሕዋ የምትረጨው ኢንሴላደስ። ጋሽ ቱምቢ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዙረው ብዙ አዩት።

«ልስኑስ ይሁን፤ ይሄን የሚረጨውን በምን እንሥራው?»

«ቧንቧ ሠራተኛ ጥራ!» አሉ ባለቤታቸው ከወጥ ቤት።