የፍስኩ ፍሪጅ አምፖል

ሚኒሶታ፣ ክሪስታል በምትባል ከተማ ያለው ቤታችን ሁለት ፍሪጅ ነበረው፤ ወጥ ቤት ያለው የጾም፣ ጋራዥ ያለው የፍስክ። ሕጉን ያወጣችው ባለቤቴ ናት። ጾም ሲገባ የጋራዡን ፍሪጅ በሰፊ ፕላስተር ታሽገዋለች፤ ልጆቹ አይስክሬም ፍለጋ እንዳይከፍቱት ነው። ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ማንም አይነካውም። እኔም ሥርዓት እወዳለሁና ነገሩ ደስ ይለኝ ነበር።

ፍሪጁ ያረጀ ነው፤ ላይኛው በረዶ ቤት፣ ታችኛው ተራ ማቀዝቀዣ። በገዛነው ዓመት፣ በብርዱ መሀል፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ያለው ሥጋ ለስልሶ አገኘነው። ውጪ አፍንጫ የሚቆርጥ ብርድ እያለ ፍሪጅ ውስጥ ሥጋ ሟሟ ሲሉት ማን ያምናል? ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ ሳቁብኝ።

ምክንያቱን የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምላቸው ኩን ራፒድስ የምትባል ጎረቤት ከተማ የሚኖሩ፣ የሕንፃ ጥገና ሠራተኛ የነበሩ፣ በየዓመቱ ቅርጫ አብረን የምንገባ ሰው ናቸው። በሬው በታረደ ቁጥር ቢላዋ ይዘው ቀድመው የሚቆሙትም እሳቸው ነበሩ፤ ከጥሬ ሥጋ ጋር ያላቸውን ፍቅር የማያውቅ አበሻ ሚኒሶታ ውስጥ አልነበረም። ፍሪጁን ከፍተው አዩና ሞተሩን የሚያስነሳው የሙቀት መለኪያ ታች ብቻ ነው አሉኝ። ጋራዡ ሲበርድ ታችኛው ክፍል በራሱ ቀዝቅዞ ይቆያል፤ ሞተሩ ሥራ የለኝም ብሎ ይተኛል። ጋራዡ ደግሞ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥጋ እንደ በረዶ አድርቆ የሚያቆይ ብርድ የለውም። በዚህ መሀል የላዩ ይሟሟል።

መድኃኒቱ አምፖል ነበር። አንድ ተራ የአርባ ዋት አምፖል በገመድ አድርገው ከመለኪያው አጠገብ አሰሩ። ባለቤታቸው እትዬ አምፖሉን ያዙላቸው። ገመዱን በበሩ ላስቲክ በኩል አውጥተው ግድግዳው ላይ ሰኩት። አምፖሉ ታችኛውን ክፍል ሲያሞቀው ሞተሩ ይነሳል፤ የላዩም ይቀዘቅዛል። ብርዱ እስኪወጣ ድረስ እንዳይጠፋ ብለው አስጠነቀቁኝ። የቅርጫው ሰው ሁሉ ፍሪጅ የሚያሞቀው ሰውዬ እያለ ሲቀልድብኝ ከረመ፤ ሥጋው ግን ለዓመታት እንደ ድንጋይ ደርቆ ቆየልን።

ጋሼ በጥር ወር አረፉ። በቀጣዩ ኅዳር፣ የገና ጾም ከመግባቱ በፊት፣ እንደ ልማዳችን ቅርጫ ገባን። እትዬ በዚያ ዓመት ከሁላችንም የበለጠ ድርሻ ወሰዱ። የጋሼ ሙት ዓመት ገና በዋለ በሁለተኛው እሑድ ስለሚውል ነው። በጥር ብርድ ሜዳ ላይ በሬ የሚያርድ ስለማይገኝ ከወዲሁ ታርዶ መቀመጥ ነበረበት። የእሳቸው ፍሪጅ ጠባብ ነው። እኔ ጋ ይቀመጥ አልኩ። ማንም አልለመነኝም፤ ራሴ ነኝ ያልኩት።

ሥጋውን ስደረድር አምፖሉ ተቃጥሎ አገኘሁት። ወዲያው ቀየርኩት። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ወደ ጥምዝምዙ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ አምፖል እየዞረ ነበር፤ እኛም ቤት ከመኝታ ቤት እስከ ምድር ቤት በእሱ ቀይረን አንድ ሁለቱ ተርፎን ነበር። አንዱን ገጠምኩት፤ ቦግ ብሎ በራ። በሩን ዘጋሁ፤ ባለቤቴም በነጋታው አሸገችው። ነገር የማልረሳ፣ አደራ የማልበላ ሰው ነኝ ብዬ ተኩራራሁ። ለካስ ጋሼ አምፖሉን ያስገቡት ለሙቀቱ እንጂ ለብርሃኑ አልነበረም። ቆጣቢው አምፖል ይህ ነው የሚባል ሙቀት የለውም። የአምፖሉ ሥራ ከተነገረኝ ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኔም የሚበራ ነገር እስካየሁ ድረስ ሌላ አላሰብኩም።

በገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ለዶሮ ብላ ፕላስተሩን ላጠችው። ከጋራዥ ስትጠራኝ ድምጿ ስላላማረኝ ሮጬ ሄድኩ። ከመድረሴ ሽታው ነገረኝ። ከወር በላይ ሳይከፈት፣ ሳይደርቅ ተቀምጦ ነበር። አንድም የሚተርፍ ነገር አልነበረም።

ባለቤቴ ሌላ ሥጋ ገዝተን እንተካና ዝም እንበል አለች፤ ሴትዮዋ ባሏን ባጣችበት ዓመት ይህን መስማት የለባትም ባይ ናት። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ጥሞኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል አሰብኩበት። በኋላ መኪናዬን አስነስቼ ኩን ራፒድስ ሄድኩ፤ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም።

እትዬ እስክጨርስ ሰሙኝና ካፖርታቸውን አንሥተው ውሰደኝ፣ ልየው አሉ። ጋራዥ ገብተው፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ የታችኛውን በር ከፈቱ። የበራውን አምፖል በባዶ እጃቸው ጨበጡት። ቶሎ አልለቀቁትም።

«ይኼ እኮ አይሞቅም» አሉ። «የሱ እጄን ፈጅቶኝ ነበር።»

ሌላ ሥጋ ልግዛ ብዬ ለመንኳቸው። ለእሱ ተብሎ የታረደው ይኼ ነበር፤ የሱቅ ሥጋ በስሙ አላበላም አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ፣ ገናም ሆኖ፣ አሮጌውን ዓይነት አምፖል ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። ካሰርኩት በኋላም በዓይኔ ሳይሆን በእጄ ነው ያረጋገጥኩት። እስካሁንም የማደርገው እንደዚያው ነው።

ሙት ዓመቱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተደረገ። ጾም ተፈትቷል፤ ሰዉ ሥጋ ጠብቆ ነው የመጣው። የቀረበው ምስር፣ ሽሮና ጎመን ነበር። በየጠረጴዛው ሹክሹክታ ተጀመረ። ከፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ የቅርጫ ጓደኛችን ሥጋው አንተ ጋ አልነበረም እንዴ ብለው በግልጽ ጠየቁኝ። ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ ምስር ሊጨምሩልኝ ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«እኔ ነኝ ይቅር ያልኩት» አሉ። «እሱ ሥጋ እምብዛም አይወድም ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ግማሹ ጋሼን ቢላዋ በእጃቸው፣ ሥጋ በአፋቸው አድርጎ ያውቃቸዋል። አንድም ሰው አልሳቀም፤ ሁሉም ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። እትዬ ምስሩን ጨምረውልኝ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄዱ።