ኔት እምቢ ብሎኝ ነው

ይትባረክ ኦስሎ ሜትሮ ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነው። ጣቢያው መዝጊያ የለውም፤ ማንም ዘው ብሎ ይሳፈራል። ይትባረክ ደግሞ ጥላውን የማያምን ሰው ነው። እሱን ሲያይ ድንገት ወደ መስኮቱ የሚዞረውን፣ እንቅልፍ የወሰደው መስሎ የሚያንጎላጀውን፣ አንድ በአንድ በዓይኑ ይለቅማል። «ትኬቱን ገዝቻለሁ፣ ስልኬ ላይ ኔት እምቢ ብሎኝ ነው» ለሚለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው።»

አመሩድ የሚባለው የኦስሎ ሰፈር የሚኖረው ጓደኛው ኣብሰሎም የቪዲዮ ጌም ገዝቶ አያውቅም። ያልገዛ እንዳይጫወት የተደረገበትን ቁልፍ ሌሎች ሰብረው የለቀቁትን ኮፒ ከኢንተርኔት ያወርዳል።

«ሌባ!» ይለዋል ይትባረክ። «ቁልፍ ያስፈለገው እንዳንተ ላለው ነው።»

«ቁልፉ የሚያስቸግረው የከፈለውን ነው» ይላል ኣብሰሎም።

ባለፈው በጋ ሁለቱ ጫካ ውስጥ አንዲት የእንጨት ቤት ተከራዩ። ዝናቡ አላስወጣ ሲላቸው ኮምፒውተሮቻቸውን አወጡ። ይትባረክ በገንዘቡ የገዛውን የኳስ ጌም ከፈተ። «ባለቤቱ መሆንዎን ለማረጋገጥ ኢንተርኔት ያገናኙ» አለው። ደገመው፤ ያው ነው። ወዲያው ኣብሰሎምን ጠረጠረ።

«ምን ነካካህብኝ?»

የኣብሰሎም ኮፒ ያለ ኢንተርኔት ተከፍቶ ሁለተኛ ጎሉን እያገባ ነበር።

ይትባረክ ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ ከመስኮት መስኮት ተንከራተተ። «ከፍዬበታለሁ እኮ! ኔት እምቢ ብሎኝ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ኣብሰሎም ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው» አለው።