ፋዮን ሰርከስ ለማስገባት የተጻፈ ማመልከቻ

ሙለታ ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ድሮ በታይፕ ራይተር ነበር፤ አሁን በላፕቶፕ ነው። ባለጉዳዩ አንድ ጥፊ ተመትቻለሁ ካለው፣ ሙለታ «በተደጋጋሚ በደረሰብኝ ድብደባ» ብሎ ይጽፋል። አጥሬ አንድ ክንድ ተገፋ ያለው ሰው ደግሞ ወረቀቱን ሲያነበው ግማሽ ግቢውን ያጣ ይመስለዋል። ሙለታ ይህን ውሸት አይለውም። ዳኛ ከተጠየቀው ላይ መቀነሱ ስለማይቀር፣ የሚቀነሰውን አስቀድሞ መጨመር የሥራው ደንብ ነው ብሎ ያምናል።

በዚህ ክረምት ግን ባለጉዳዩ እሱ ራሱ ሆነ።

ልጁ ፋዮ ሰባት ዓመቷ ነው። ማን እንዳስተማራት ሳይታወቅ በእጇ መቆም ቻለች፤ ከዚያ ወዲህ ወላጆቿ ከፊቷ ይልቅ ተረከዟን ነው የሚያዩት። ከማድ ቤት እስከ ሳሎን በር በእጇ ትሄዳለች። ቴሌቪዥኑ ዘፈን ሲያሰማ ተዘቅዝቃ ትጨፍራለች። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነውና ከሥራቸው ያሉት እትዬ እንዳለች በቀን ሁለት ጊዜ ጣራቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። በሰኔ የመጨረሻ እሑድ የፋዮ ተረከዝ የቡፌውን መስታወት አገኘው።

እናቷ ዲንቄ ስብርባሪውን ጠርጋ ስታበቃ ባሏን ቁጭ አደረገችው።

«ስማኝ ሙሌ፤ ይቺ ልጅ ወይ የሚያስተምራት ሰው ታገኛለች፣ ወይ አንገቷን ትሰብራለች። ተይ ብላት አልተወችም። ትምህርት ሳይከፈት ቦታ ፈልግላት።»

«እፈልጋለሁ አልኩ እኮ።»

«ካልሆነ ነቀምቴ እህቴ ጋ ነው የምልካት። እዚያ ቢያንስ ሣር አለ።»

ፋዮ ይህን የሰማችው ከሶፋው ኋላ፣ እግሯን ሽቅብ ሰቅላ ነው። «ሣሩ ላይ ማን ያየኛል?» አለች፤ ከዚያም ነገሩ የምር መሆኑ ሲገባት እግሯን አወረደችና ማልቀስ ጀመረች።

ሙለታ በማግስቱ ፍለጋ ወጣ። አብነት ሰፈር አንድ ጂም በር ላይ «የሕፃናት ዳንስ» የሚል ማስታወቂያ አይቶ ልጁን ይዞ ገባ። ሙዚቃው ደረት ያንቀጠቅጣል፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው። ሙለታ በጫማው ተረከዝ መታ መታ አደረገው። «ልጅ ቢወድቅስ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አሠልጣኙ «አይወድቁም፣ ሰልፍ ይዘው ነው» አለው። ሙለታ የፋዮን እጅ ይዞ ወጣ።

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያገኙት ባህላዊ ውዝዋዜ የሚያስተምር ቡድን ግን ወለሉ ጣውላ ነበር። አሠልጣኟ ፋዮን ሰልፍ ውስጥ አስገባቻት። ከበሮው ሲጀምር ሃያ ልጆች ትከሻቸውን መምታት ጀመሩ፤ ፋዮ በእጇ ቆመች።

«ትከሻዋን ግን ጥሩ አድርጋ ነው የመታችው» አለ ሙለታ በኋላ።

«ልክ ነዎት» አለች አሠልጣኟ፤ «የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጌ እስካገኘው ነው የቸገረኝ።»

በመጨረሻ ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ ባለ አንድ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ የሚፈልጉትን አገኙ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳንስና የሰርከስ አክሮባት አንድ ላይ ይሰጣል፤ ምንጣፉ ስፖንጅ ነው፤ ከሚገለበጠው ልጅ ግራና ቀኝ ሁለት ሰው ቆሞ ይጠብቃል። አሠልጣኙ ኸይረዲን ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ልጆቹ «ኮች» የሚሉት፣ ፊቱ የማይፈታ ወጣት ነው። ፋዮ በሩ ላይ ቆማ አፏን ከፍታ ቀረች። እንዲህ ዝም ብላ፣ ያውም በእግሯ፣ ያን ያህል ጊዜ ቆማ አታውቅም።

«ለሁለቱም ክፍል፣ ለጀማሪውም ለነባሩም፣ ተመዝጋቢው ብዙ ነው፤ ቦታው ጥቂት» አለ ኸይረዲን። «ስለ ልጅዎ አንድ ማመልከቻ ያስገቡ ጋሼ። ግማሽ ገጽ ይበቃል።»

ማመልከቻ የሚለውን ቃል ሲሰማ ሙለታ ፈገግ አለ። «ግማሽ ገጽ?» አለ፤ አገር ጠይቆ እልፍኝ የተሰጠው ሰው ይመስል።

ሦስት ገጽ ጻፈ። ዲንቄ ቆማ አነበበችው፦ «አመልካች በአክሮባት ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ ያላት፣ በአየር ላይ መገለባበጥን ጨምሮ ልዩ ልዩ ትርዒቶችን በተደጋጋሚ ያቀረበች፣ ከፍታን ፈጽሞ የማትፈራ...»

«ይቺ ማን ናት?» አለች።

«ልጅሽ ናት።»

«ልጄማ ደረጃ ስትወርድ እጄን ነው የምትይዘው።»

«ዲንቄ፣ እነሱ ግማሹን ይቀንሱታል። ግማሹ ሲቀነስ ልክ ይመጣል።»

ማንም ምንም አልቀነሰም። በሳምንቱ ስልክ ተደወለ፤ ፋዮ ነባሮቹ ክፍል ገብታለች። ሙለታ ያን ቀን ለአንድ ባለጉዳይ እያፏጨ ጻፈ።

ቅዳሜ ጠዋት ወላጆች ግድግዳ ተደግፎ በተደረደረው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፋዮ ከአሥራ አንድና ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች መሀል ገብታ የአንዳቸው ብብት ድረስ እንኳ አልደረሰችም። ማሟሟቂያውን እንደምንም ተወጣችው። ቀጥሎ ኸይረዲን አጨበጨበና «ማማ!» አለ። ሦስት ልጆች ተንበረከኩ፤ ሁለቱ በላያቸው ወጡ።

«ፋዮ፣ አንቺ ጫፉ ላይ።»

ጀነት የምትባለው ትልቋ ልጅ ጉልበቷን አመቻቸችላት። «ውጪ፣ አይዞሽ፤ እንይዝሻለን።»

ፋዮ አንድ እግሯን አሳረፈች፤ መልሳ አነሳችው። ሽቅብ አየች። ከዚያ ዞራ አባቷን አየችው። አላለቀሰችም፤ ግን ሙለታ ያን ፊት ያውቀዋል፤ የፍርድ ቤቱን ደረጃ የሚወጣ ባለጉዳይ ፊት ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የጠየቀውን ሁሉ ሳይቀንስ የሰጠው ሰው ገጥሞት አያውቅም፤ የገጠመው ዛሬ ነው።

እጁን አውጥቶ ተነሣ። «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ! ማመልከቻው ላይ ማሻሻያ አለኝ።»

ማማው ሳይፈርስ ሁሉም አንገቱን አዞረ።

«የቱ ላይ?» አለ ኸይረዲን።

«አብዛኛው ላይ።»

ኸይረዲን ልጆቹን አስወርዶ ሦስቱን ገጽ ከቦርሳው አወጣ። «የሁለት ዓመት ልምድ ይላል።»

«ስምንት ወር ነው። ቤት ውስጥ።»

«በአየር ላይ መገለባበጥ?»

«ከሶፋ ወደ ፍራሽ።»

«ያቀረበቻቸው ትርዒቶችስ?»

«ለእናቷ ነው። እናቷ አልወደደችውም።»

«ከፍታን ፈጽሞ የማትፈራ?»

ፋዮ አባቷን ቀድማ «እፈራለሁ» አለች።

ከአግዳሚው ወንበር ላይ የሳቀ ነበር። ኸይረዲን አልሳቀም። «ጋሼ፣ ይህን ወረቀት አምኜ እኮ ነው ጫፍ ላይ ውጪ ያልኳት። ወድቃ ቢሆንስ?» ለሌላ ሰው ቢሆን ሙለታ ለዚህ ጥያቄ ሁለት አንቀጽ አያንሰውም ነበር።

«እንግዲህ ትሄዳለች?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ነቀምቴ ከነሣሩ ፊቱ ላይ ድቅን አለ። ፋዮም እጁን ጭምድድ አድርጋ ያዘችው።

«ጀማሪዎቹ ጋ አንድ ቦታ ትናንት ተለቋል። የሚጠብቁት ብዙ ናቸው። እሷን የማስቀድምበት ምክንያት ካለ ይጻፉልኝ፤ እውነቱን፣ በግማሽ ገጽ።» እስክሪብቶ ሰጠው።

ሙለታ አግዳሚው ወንበር ላይ ተመልሶ «አመልካች» ብሎ ጻፈ። ሰረዘው። «ከላይ እንደተገለጸው» ብሎ ጻፈ፤ ከላይ የተገለጸ ነገር አልነበረም። ላቡ ጠብ አለ።

«አባዬ፣ እኔ ልንገርህ፤ አንተ ጻፍ» አለች ፋዮ። «ስሜ ፋዮ ነው። በእጄ መሄድ እችላለሁ። የቡፌ መስታወት ሰብሬያለሁ። ከላይ መውጣት እፈራለሁ። ከታች ግን ሰው መሸከም አልፈራም። ቶሎ አይደክመኝም።»

«ቶሎ የሚለውን ትተን ‹ፈጽሞ አይደክመኝም› ብንለውስ?» አለ ሙለታ፤ እጁ አላስችል ብሎት።

ፋዮ አሰበች። «ትንሽ ይደክመኛል፤ እሱንም ጻፈው።»

ጻፈው። ከአፉ ጥርስ እንደተነቀለበት ሰው ፊቱን አጨማደደ እንጂ ጻፈው።

ኸይረዲን ሁለት ጊዜ አነበበው። «እኔ የሚጎድለኝ ከታች የሚቆም ነው» አለ። «ልጁ ሁሉ ጫፍ ላይ መሆን ነው የሚፈልገው፤ ወላጁ ደግሞ ይብሳል።» ከዚያ ወደ ፋዮ ዝቅ አለ። «ሦስት ወር ዳንስ ብቻ ነው። በእግርሽ መቆም ሳትለምጂ በእጅ መቆም የለም። ቤት ውስጥም መገልበጥ የለም።»

«ሶፋው ላይስ?»

«ሶፋው የት ነው ያለው?»

«ቤት ውስጥ» አለች ፋዮ እያቅማማች።

አምስት ሰዓት ላይ ጀማሪዎቹ ገቡ። ፋዮ የኋለኛው ረድፍ ላይ፣ ገና የአምስት ዓመት ከሆነች አንዲት ድቡልቡል ልጅ አጠገብ ተሰለፈች። ሙለታ ወደ ዲንቄ ደወለ።

«ተቀበሏት» አለ።

«ጨርሰው ነው የተቀበሏት?»

«ጀማሪ ክፍል ነው።»

«ነባር ብለውህ አልነበር?»

«ኋላ እነግርሻለሁ፤ ረጅም ነው።»

«አንተ ካወራኸውማ ይረዝማል» ብላ ዘጋችው።

ሙዚቃው ጀመረ። ሁሉም ወደ ቀኝ ሲሄድ ፋዮ ወደ ግራ ሄደች፤ ከድቡልቡሏ ልጅ ጋር ተላትመው ሁለቱም በቂጣቸው ወደቁ። ተነሡ። ሁለተኛው ዙር ላይም ግራ ሄደች። እጆቿ ወለሉን ለመንካት ሲቃጣቸው ታዩና መልሳ ወገቧ ላይ አደረገቻቸው።

«ፋዮ፣ ቀኝ!» አለ ኸይረዲን።

አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ከወላጆቹ መሀል፣ ሙለታ ቀኝ እግሩን ወደ ቀኝ አንቀሳቀሰ።