እናቴ ያልጠረገችው ቤት

ሙቀጫ ሲወቀጥ በሰማሁ ቁጥር፣ ውስጡ ያለው በርበሬም ይሁን ቡና፣ አፍንጫዬ እንዶድ እንዶድ ይለኛል። የደረቀ እንዶድ ሲወቀጥ ብናኙ ቤቱን ሁሉ ያስነጥስ ነበርና፣ ሆሳዕና ዳር የነበረችው ቤታችን ትዝ የምትለኝ እናቴ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ጠቅልላ፣ ዓይኗ እያነባ ስትወቅጥ፣ እኛም «ይማርሽ» መባባል እስኪሰለቸን ድረስ በየጥጉ ስናነጥስ ነው።

እናቴ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ነበረች። በጋ ሲገባ ወደ ትውልድ ቀዬዋ ወደ ጃጁራ ወርዳ፣ ከወንድሞቿ አጥር ላይ ፍሬው ገና ሳይቀላ የተለቀመ እንዶድ በጆንያ አስጭና ትመጣና፣ ሰሌን ላይ አስጥታ ታደርቀው ነበር፤ የቤቱ ልብስ ሁሉ የሚታጠበው በዚያ አረፋ ነበር። አመዱንም ዝም ብላ አትደፋውም። በወንፊት ነፍታ ግማሹን ከሎሚ ጋር ለድስት መፈተጊያ ታስቀምጣለች፣ ግማሹን ውሃ ውስጥ አሳድራ፣ በማግስቱ ከላይ የጠለለውን ቀድታ ቅባት የያዘውን ዕቃ ታጥብበታለች። የምንፈትገው በእንሰት ቃጫ ነበር፤ ለቁንጫ ደግሞ የግራዋ ቅጠል በውሃ አሽተን ወለሉ ላይ እንረጫለን። ልብስ ሰፊው አባቴ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ስለነበር፣ «ይቺ ሴት መንግሥተ ሰማያት ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው መጥረጊያው የት ነው ብላ ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር።

በልጉ ዝናብ መሀል፣ በሚያዝያ፣ ታላቅ ወንድሜ ታምራት ሄደ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ውጤት አልመጣለትም ነበር፤ በእኛ አገር በዚያ ዘመን ውጤት ያልመጣለት ልጅ ሁሉ ወሬው ደቡብ አፍሪካ ሆኖ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማለዳ «ሆመቾ ጓደኛዬ ጋ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። እናቴም ቀኑ ብራ መሆኑን አይታ፣ አልጋና ሰሌኑን ደጅ አውጥታ፣ ቤቱን ከጓዳ እስከ በር ጠርጋ፣ ጥራጊውን ከግቢ ውጪ ቦይ ውስጥ ደፍታ፣ ግራዋ ረጭታበት ስትጨርስ፣ የታምራት ጓደኛ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና፣ ታምራት ከደላላ ጋር በሞያሌ በኩል መውጣቱን፣ አትፈልጉኝ ማለቱንም ነገረን። ለቅሶውን ሰምታ የመጣችው ጎረቤታችን እትዬ ሸምሲያ ገና ከመግባቷ እርጥቡን ወለል አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

«የታምራት እናት፣ ጠርገሽው ነው?» አለቻት ቀስ ብላ።

መንገደኛ በወጣበት ቀን ቤት አይጠረግም ይባላል፤ ከተጠረገ የመመለሻ ዱካው ከጥራጊው ጋር ይወጣል። እናቴ መሄዱን ብታውቅ ኖሮ መጥረጊያ ባልነካች ነበር። አባቴ ተቆጣ። «እኛ በጌታ ያመንን ሰዎች ነን። ልጁን የሚመልሰው እግዚአብሔር እንጂ መጥረጊያ አይደለም» አላት። እሷም «አውቃለሁ» አለችው፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት መጥረግ ተወች።

ክረምቱ ገባ፣ ወሬ የለም። በእግራችን የምናስገባው ጭቃ እዚያው እየደረቀ ተነባበረ። የሚገርመው እናቴ እንደዚያ ክረምት እንዶድ ወቅጣ አታውቅም። እጇ እስኪሰነጣጠቅ አመድ ትነፋለች፣ ትዘፈዝፋለች፣ ያገኘችውን ጣሳና እንስራ ሁሉ ትሞላና ለጎረቤት ታድላለች፤ የሰፈሩ ድስት በእሷ አመድ ሲያብረቀርቅ የእኛ ቤት እንግዳ የማይገባበት ሆነ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ዘነዘናዋን እንደያዘች ወደ በሩ ትሮጣለች። መጥረጊያ ሳነሳ ካየችኝ ቀስ ብላ ከእጄ ትወስድና «ተይው፣ ይደርሳል» ትለኛለች። እኔ ወንድሜ በጣም ይናፍቀኝ ነበር፣ እንደዚያው ደግሞ እናደድበት ነበር፤ ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የት አድሮ ይሆን እያልኩ አለቅሳለሁ፣ ሲነጋ ጭቃውን ሳይ እረግመዋለሁ።

መስከረም ጠባ፣ ያሆዴ ደረሰ። ለዘመን መለወጫችን እናቶች ቅቤ ያጠራቅማሉ፣ አባቶች ለበሬ ያዋጣሉ፣ ወንዶች ልጆች እንጨት ይፈልጣሉ፣ ቤት ማጽዳት ደግሞ የሴት ልጆች ድርሻ ነው። አባቴ ለወንድሞቹ በኩር ስለነበር ዘመዱ ሁሉ የሚሰበሰበው እኛ ቤት ነው። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እኔ መጥረጊያ ይዤ ቆሜ፣ እናቴ በሩን ይዛ ቆማ፣ እሷም ጥረጊ አትለኝ፣ እኔም አልጀምር፣ እንዲሁ ስንተያይ አባቴ ከሱቁ መጣ። ሁለታችንንም አየን። ኮቱን አውልቆ ሰቀለና መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደ። ወንድ ልጅ ቤት ሲጠርግ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ኃጢአትም ከሆነ በእኔ ይሁን» አለ።

ከዚያ መድረኩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጀመረና፣ ጥራጊውን ከበሩ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጓዳ መጥረግ ያዘ። አንዲት ገለባ ወደ ደጅ እንዳትወጣ እየመለሰ፣ የክረምቱን አፈር ሁሉ የታምራት አልጋ ሥር ሰበሰበና ጆንያ አለበሰው። ልጁን የሚመልሰው መጥረጊያ አይደለም ያለው ሰው ነው። እናቴ ዱካ ስባ ተቀመጠች፤ በቀን ብርሃን እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነበር። ስታለቅስም አባቴ ቀና ሳይል «ውሃ አምጪልኝ፣ አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው» አላት።

በጥቅምት እነ እትዬ ሸምሲያ ቤት ስልክ ተደወለ። ታምራት ደቡብ አፍሪካ ደርሷል። አብረውት ከወጡት መካከል ግን መንገድ የቀሩ ነበሩ፤ የእነሱን ለቅሶ ለመድረስ እናቴ መጀመሪያ ጥራጊውን በእጇ አውጥታ ቤቱን ፈትጋ፣ ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።

አሁን እኔም እዚሁ ሆሳዕና ወለሉ ሴራሚክ የሆነ ቤት አለኝ። የቢሮ ጓደኞቼ ከስልካቸው እያዩ ኮምጣጤና የሎሚ ልጣጭ በጠርሙስ ይዘፈዝፋሉ፣ «ተፈጥሯዊ ነው» ይሉኛል፣ እኔም እስቃለሁ። እናቴ አርጅታ መቀመጥ ለምዳለች። ታምራት ተመልሶ መኖር አልሆነለትም፤ ግን ያኔ ድምፁን አጥተን የከረምነው ሰዎች ዛሬ በየእሁዱ ፊቱን፣ ከኋላው ያለውን የሱቁን መደርደሪያ ሳይቀር በስልክ እናያለን። አሥረኛ ክፍል የደረሰው ልጄ ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ግቢ ይወጣና ከአጎቱ ጋር በዝግታ ያወራል፣ ስጠጋው ወሬ ይለውጣል። እናቴ ያን ቅዳሜ የጠረገችው ሳታውቅ ነበር። እኔ ቅዳሜ ማለዳ መጥረጊያ ከማንሳቴ በፊት የልጄን ክፍል በር ገርበብ አድርጌ፣ ብርድ ልብሱ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል እስካይ ድረስ እቆማለሁ።