«እንዴት አወቅህ?» የሚለው ወንድሜ

ለታላቅ ወንድሜ አላህ ይዘንለት፤ እኔን ግን አድክሞኝ ነው የሄደው። እሱ የሐይቃችንን ዓሣ ሲያጠና፣ እኔ ጀልባ ስቀዝፍለት አረጀን። ምንም ብትነግረው መልሱ «እንዴት አወቅህ?» ነው። «ምሳ ደርሷል» ስለው እንኳ ይኸንኑ ይለኛል።

አንዴ ከደሴ የመጣች ተማሪው «ቆሮሶ ዓሣው የቀነሰው በአጥማጆቹ መረብ ነው» አለችው።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሰዉ ሁሉ ይላል።»

«አንቺስ?»

ልጅቷ እንባዋ መጣ። «በቃ፣ ጥናቱን እተወዋለሁ» አለች። እኔም ተናደድኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ አንዴ ጎበዝ ብትላት ምን ይቀንስብሃል?»

«ጎበዝ ባትሆን መች እጠይቃት ነበር?» አለና፣ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ጀልባው ላይ ወጣ። አብሯት መረብ ሲጎትት፣ ዓሣ ሲለካ ዋለ። እኔም ስቀዝፍላቸው ምሳዬ ቀዘቀዘ። ልጅቷም ጥናቱን አልተወችም።

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ልትደርስ መጣች። አሁን እሷም አስተማሪ ናት። ጀልባው ላይ ወጥታ፣ እኔ ስቀዝፍ፣ ሰሞኑን ሰው ፊት የምታቀርበውን ጥናት ነገረችኝ፤ ቆሮሶው የሚራባበትን ቦታ ቀይሯል ትላለች። ከዚያ ሁለታችንም የወንድሜን ባዶ መቀመጫ አየን።

«አባባ፣ በአላህ ይጠይቁኝ» አለች። «የሚጠይቀኝ ሰው የለኝም።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ያንኑ የሱን ጥያቄ ብቻ።»

«እሺ፣ እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

ስታስረዳኝ አንዱም አልገባኝም። መሃል ላይ ግን ቆም አለችና፣ «ቆይ፣ የወዲያኛውን ዳር በደንብ አላየሁትም» አለች። ጀልባውን ወደዚያው ዳር አዞርኩ።

አየህ ወንድሜ፣ ሞተህም ምሳዬን አቀዘቀዝክብኝ።