ከዛፉ ሥር ያገኘሁት መስቀል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። በየዓቢይ ጾሙ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ንዴቴን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ ዘርዝሬ ስነሣ ይህች አንዷ ጉሮሮዬ ላይ ትቀራለች። አውቄ ነው የማስቀራት። ቢሰሙ የሚሉኝን አውቀዋለሁና፤ «የወሰድሽውን መልሺ» ነው የሚሉኝ። እኔ ደግሞ የምመልስበት ቦታ የለኝም። ስለዚህ እናንተ የማታውቁኝ ስሙኝ።

እኔ የሕፃን መቃብር ቆፍሬ መስቀል ሰርቄያለሁ።

ይኸው ወጣ። አሁን ከመጀመሪያው ልናገር።

የብረት መፈለጊያውን ማሽን የገዛው ባሌ ነበር። ከአፈር በታች ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ፣ ረጅም እጀታ ያለው ነገር ነው። ጥቂት ቅዳሜ ይዞት ወጣና ወገቡን ሲያመው አልጋ ሥር ወረወረው። እኔ አነሣሁት። ቶሮንቶ ውስጥ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው ጓደኛዬ ሰብለ ሊፍት ውስጥ ተሸክሜው ባገኘችኝ ቁጥር «እንዴት ዋልሽ ወርቅ ቆፋሪዋ፣ ዛሬም ባዶ እጅሽን ነሽ?» ትለኝ ነበር። አዎ፣ ባዶ እጄን ነበርኩ። ምስማር፣ ቆርኪ፣ የዛገ ማጠፊያ፣ ሌላ ምን ይገኛል? ግን ወደድኩት። የምሠራው አረጋውያን ማረፊያ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ገላ ሳጥብ፣ ሰው ሳነሣና ሳስተኛ ነው የምከርመው። ቅዳሜ ሜዳ ላይ ግን ስሜን የሚጠራ አልነበረም።

የሰው ማሳ ውስጥ ዘው ተብሎ አይገባም፤ ባለቤቱ መፍቀድ አለበት። ለእኔ የፈቀዱልኝ ሚስተር ዋልተር ናቸው። ከቶሮንቶ ወጣ ብሎ ከአያታቸው የወረሱትን መሬት የሚያርሱ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው እኛ ማረፊያ ተኝተው እኔ ነበርኩ የማስታምማቸው፤ እስኪሞቱም ድረስ ከእጄ አልወጡም። ሽማግሌው ይህን ውለታ አድርገው ቆጠሩት። ብፈልግ ማሳቸው ላይ መሄድ እችል እንደሆነ ስጠይቃቸው አላንገራገሩም። በጣታቸው ብቻ ወደ አንድ ጥግ አመለከቱኝ፤ ትልቅ የኦክ ዛፍ የቆመበት፣ ሣር የለበሰ ጥግ።

«ያቺን ጥግ አያቴም አባቴም አላረሷትም» አሉኝ። «ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አላረስኳትም። እንደ ልብሽ ፈልጊ። አጥንት ካየሽ ግን እዚያው አቁሚና ጥሪኝ። ከእኛ ከነጮቹ በፊት እዚህ የነበሩ ሰዎች አሉ።»

«እሺ» አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው እሺ ያልኩት።

መስከረም ነበር፤ የመስቀል ሰሞን። ስንዴው ታጭዶ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል። ከዛፉ ሥር ማሽኑ ጮኸ። ሥሩ አፈሩን ገፍቶ ወደ ላይ ስላወጣው ብዙም አልቆፈርኩም።

መስቀሉን ነው ቀድሜ ያየሁት ብዬ ስንት ዓመት ለራሴ ነግሬያለሁ። ውሸት ነው። ቀድሜ ያየሁት አጥንቱን ነው። ከመዳፌ የማይበልጥ የመንጋጋ አጥንት ነበር፤ የወተት ጥርሶቹ አሁንም እንደተተከሉ ናቸው። ሥራዬ የሰው ገላ ነው፤ የበግ ይሆናል፣ የውሻ ይሆናል ብዬ የምሳሳት ሴት አይደለሁም። የሰው ልጅ መሆኑን አውቄአለሁ። ሕፃን መሆኑን አውቄአለሁ። ከመንጋጋው ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ አንገት በነበረበት ቦታ፣ ሰማያዊ ጨሌዎችና የጠቆረ የብር መስቀል ነበር፤ ሁለት አግዳሚ ያለው። የቀድሞዎቹ ሰዎች እንዲህ ያለውን መስቀል ከነጭ ነጋዴዎች እየለወጡ ያደርጉት እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት።

ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ሽማግሌው ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ይታዩኝ ነበር፤ እጄን ባወዛውዝ ያዩኛል። ለምን አልጠራኋቸውም?

እውነቱን ልንገራችሁ። በመስቀል ሰሞን ቆፍሬ መስቀል አገኘሁ። ንግሥት እሌኒ ትዝ አለችኝ እንጂ የሞተው ልጅ ትዝ አላለኝም። መስቀል አፈር ውስጥ ተቀብሮ አይቀርም፣ ለእኔ ነው የተገለጠው አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን አጥንቱን አይቶ ይሸሽ ነበር። እኔ አማትቤ ተሳለምኩት፤ ተሳልሜ ኪሴ ከተትኩት። የሌባ ሃይማኖተኛ ከዚህ የባሰ አለ? ጨሌዎቹንና አጥንቱን እዚያው ትቼ አፈሩን መለስኩበት፤ በእግሬም ረገጥኩት።

ሚስተር ዋልተር «ዛሬስ ምን ተገኘ?» ሲሉኝ የዛገ ምስማር አሳየኋቸው። ሳቁና እሸት በቆሎ በላስቲክ ሞልተው ሰጡኝ። ተቀብዬ፣ አመስግኜ ሄድኩ። ያን በቆሎ በላሁት።

በዚያው ሰሞን ሰብለ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ክርስትና እናት እንድሆንላትም ለመነችኝ። የሕፃኗን የአንገት መስቀል ማቅረብ የእኔ ድርሻ ነበር። ሱቅ ገብቶ መግዛት አይቻልም ነበር? ይቻል ነበር። ግን ሌላው ሁሉ ከሱቅ ነው የሚያመጣው። ያየ ሁሉ «ይህን ከየት አመጣሽው?» እንዲለኝ ፈለግሁ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የጠለቀ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ። መስቀሉን እስኪያበራ ወለወልኩት። ሕፃኗ ብሌን ሰማንያ ቀኗ ሲሆን ተጠመቀች፤ ቄሱ ማተቡን አሰሩላት፣ እኔ ማተቡ ላይ መስቀሉን አንጠለጠልኩ። ሰብለ «ከየት አገኘሽው?» ስትለኝ «ከእናቴ የወረስኩት ነው» አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ለራስሽ ሳትይ ለልጄ!» አለች።

ከዚያ በኋላ ማሽኑን አልነካሁትም። ጸጸት ነበር ብትሉኝ ደስ ባለኝ፤ ፍርሃት ነው።

ብሌን ትምህርት ቤት ስትገባ ሚስተር ዋልተር ደወሉልኝ። ድምፃቸው ደክሟል። መሬቱን ለቤት ሠሪዎች ሊሸጡ ነው። «አንቺ ያቺን ጥግ ፈትሸሻታል» አሉኝ። «አንድ ነገር አይተሽ ከሆነ ሳልፈርም ንገሪኝ። የቀድሞዎቹን ሰዎች ልጆች ጠርቼ፣ የሚደረገው ተደርጎ፣ ያቺ ጥግ ተከልላ እንድትቀር አደርጋለሁ።»

ስሙኝ እንግዲህ። የመጀመሪያውን ስህተት በሉት፣ ሞኝነት በሉት። ይህኛውን ግን ምን ትሉታላችሁ? ሽማግሌው በሩን ከፍተው ግቢ አሉኝ። «አዎ፣ ልጅ አለ» ማለት ብቻ ነበር። ግን አዎ ካልኩ «ታዲያ ያኔ ለምን አልጠራሽኝም?» ይመጣል፤ ቀጥሎ መስቀሉ ይመጣል፤ ቀጥሎ ሰብለ ትሰማለች። ስለዚህ «ምንም አላየሁም» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ባልጠየቁኝም «ከምስማር በቀር ምንም የለም» ብዬ ጨመርኩ።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ሲከነክነኝ ነበር፣ አሁን በሰላም እፈርማለሁ» አሉኝ። ክረምቱን ሳይጨርሱ ሞቱ።

ቤቶቹ ካለቁ በኋላ ሄጄ አየሁ። ዛፉ የለም። እንደ ግምቴ በዚያ ቦታ ላይ የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ተዘርግቶበታል፤ የልጅ ብስክሌት ተጋድሞበት ነበር። ለጥግዋ የሚናገርላት ሰው አልነበረም፤ ብቸኛዋ ምስክር እኔ ነበርኩ። ያቺ መንጋጋ ከአፈሩ ጋር በየትኛው መኪና ተጭና የት እንደተደፋች አላውቅም። አሁን መስቀሉን ላምጣ ብልስ ከማን ላይ ነው የማስቀምጠው?

ብሌን አድጋለች። በፈረንጆቹ መስከረም ማብቂያ፣ ከመስቀል በዓል ጥቂት ቀን በኋላ፣ እዚህ አገር ተማሪው ሁሉ ብርቱካናማ ሸሚዝ ለብሶ የሚሄድበት ቀን አለ። ከእናት ከአባታቸው ተነጥቀው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ሳይመለሱ ለቀሩ ለቀድሞዎቹ ሰዎች ልጆች መታሰቢያ ነው። ዘንድሮ በዚያ ጠዋት በሬን አንኳኳች። ሰብለ ሥራ ገብታለች። ብሌን ብርቱካናማውን ለብሳለች፤ መስቀሉ መዳፏ ላይ ነው።

«እትዬ፣ ማተቤ ተበጠሰ። ፕሊስ እሰሪልኝ፣ ባሱ ሊያመልጠኝ ነው።»

እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ተመልሶ እጄ ገባ። ሊጠገን ነው ብዬ ላስቀረው እችል ነበር። ቁጭ በይ ልጄ፣ የምነግርሽ አለ ልላት እችል ነበር። መሳቢያዬ ውስጥ አዲስ ማተብ ነበረኝ። አወጣሁት።

«እትዬ» አለች ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስባ አንገቷን እየሰጠችኝ፣ «አንቺም ኪድ ሆነሽ አድርገሽው ነበር?»

ልጅ ሆኖ ያደረገው ሌላ ነው። ልጅ ሆኖ፣ አድርጎት እንደተቀበረ ነው። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም፤ ስሙን አላውቅም፤ ምን እንደገደለው አላውቅም። መንጋጋውን ብቻ አውቃለሁ። የዚያን ልጅ መቃብር ወስጄ፣ መስቀሉን ወስጄ፣ የቀረችውን አንዲት ነገርም በዚያ ጠዋት ወሰድኩ።

«አዎ» አልኳት፤ «እኔ ነበርኩ የማደርገው።»

በፊት ማተቡን ያሰሩት ቄሱ ናቸው እያልኩ እጽናና ነበር። ይህኛውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። እንዳይፈታ ደርቤ ቋጠርኩት።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር የሚለኝ አስፋልት ሥር ነው፤ እዚያም ከሌለ የት እንዳለ አላውቅም። ብሌን ጉንጬን ስማኝ ወጣች። በመስኮት ቁልቁል ሳያት ወደ አውቶቡሱ እየሮጠች ነበር፤ መስቀሉን ከሸሚዟ በላይ አውጥታዋለች።